ሰው የማይወጣበት ፎቶግራፍ

ዘይኑልአቢዲን ዓወል የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነበር። አባቱ ጨውና ጥጥ በግመልና በበቅሎ ከቆላ ወደ ደጋ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ሶላት የማያልፋቸው፣ በገበያው ቃላቸው የሚታመን ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ከበቅሎ ኋላ መከተል አልሆንለት አለ። ገና ጢም ሳያበቅል አዲስ አበባ ወጥቶ ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመን ፎቶ አንሺ ዘንድ በተላላኪነት ገባ። መጀመሪያ ውሃ ቀዳ፣ ዕቃ አጠበ፤ ኋላም ጨለማ ክፍል ገብቶ መድኃኒት መበጥበጥና ፎቶ ማጠብ ተማረ።

አባቱ ይህን ሲሰሙ፣ "የሰው ሱረት፣ የሰው መልክ መሥራት ሐራም ነው። የቂያማ ለት ለፍርድ ቆመህ 'በል ነፍስ ዝራበት' ትባላለህ" ብለው ላኩበት።

"እኔ መቼ ሠራሁት? የሚሠራው ብርሃኑ ነው" ብሎ መለሰላቸው። መልሱ አባቱን ይብሱን አናደዳቸው።

በኋላ ደብረ ብርሃን መጥቶ የራሱን ፎቶ ቤት ሲከፍት ሰሊሃን አገባ። ሰሊሃ የጫጫ እህል ነጋዴ ልጅ ነች፤ ምላሷ ስል፣ እጇ ግን የረጋ። ያኔ ፎቶ የሚነሣው መድኃኒት በተቀባ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ ስለነበር፣ በጨለማ ውስጥ ብርጭቆ ሳይሰብር የሚያጥብ እጅ ያስፈልግ ነበር። ዘይኑ ያነሣል፣ ሰሊሃ ታጥባለች። ሙሽሮች፣ ካህናት፣ አዲስ ካባ የገዛ ባላገር፣ ልጁን ሊድር የመጣ ነጋዴ፣ ሁሉም ከቀለም ቅብ መጋረጃው ፊት ቆሞ ትንፋሹን ውጦ ይነሣ ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ይህ ሁሉ ቀረ። ሙሽራም ካህንም አይመጣ። የሚመጣው ለእናቱ ፎቶ ሊልክ የሚፈልግ የጣሊያን ወታደር ነው። እሱም በሳቅና በጩኸት ገብቶ በሳቅና በጩኸት ይወጣል። ዘይኑ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ የመድኃኒቱ ሽታ ሳንባውን ይዞታል፤ ጣቶቹ ጥፍራቸው ድረስ ቡናማ ሆነዋል። ጠዋት ሲነሣ ገና ምንም ሳይሠራ ድካም ይሰማዋል። ሰሊሃ "አመመህ እንዴ?" ስትለው "አላመመኝም፤ ደከመኝ" ይላታል። ይህች "ደከመኝ" የምትባል ቃል በዚያ ዘመን ከአፉ አትጠፋም ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ላይ ጣሊያኖች የድንጋይ ድልድይ ይሠሩ ነበር። ድንጋይ የሚሸከመው ከፊሉ የቀን ሠራተኛ ነው፤ የሚበዛው ግን ዘመቻ በወጡ ቁጥር ከአንኮበርና ከየገደላገደሉ እየታፈሰ የመጣ እስረኛ ነበር። አንድ ቀን የድልድዩ መሐንዲስ ከአስተርጓሚው ከወልደተንሣኤ ጋር ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ወልደተንሣኤ ከወደ ሐማሴን የመጣ፣ ዝም ማለት የሚወድ ወጣት ነው።

"የድልድዩን ፎቶ ወደ አገሩ ሊልክ ይፈልጋል" አለ ወልደተንሣኤ። "ድልድዩን ብቻ። ሰው እንዳይታይበት።"

"እንግዲያው ሳነሣ ሰዉን ገለል ያድርጉልኛ።"

ወልደተንሣኤ ተረጎመ። መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ።

"ሥራው አይቆምም ነው የሚለው። ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት። ሰዉ እየሠራ፣ ግን ፎቶው ላይ ሳይወጣ።"

ዘይኑ በዚያን ሰዓት "አይቻልም" ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ሰውየው ቶሎ እንዲሄድለት ስለፈለገ ነው መሰለኝ፣ ድሮ ያየው ነገር ከአፉ አመለጠው። ሙሴ ሃጎፕ አንድ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው በሚተራመስበት ሰዓት አራዳን ባዶ አድርጎ አንሥቶት ነበር። ብልሃቱ ጥቁር መስታወት ነው። ከሌንሱ ፊት ጥቁር መስታወት ሲደረግ ብርሃኑ በጭላንጭል ብቻ ይገባል፤ ስለዚህ ክዳኑን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መተው ይቻላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማይነቃነቀው ቤትና ዛፍ ቀስ እያለ ብርጭቆው ላይ ይታተማል። የሚሄደው የሚመጣው ሰው ግን አንድ ቦታ ረግቶ ስለማይቆም ምንም ሳይተው ያልፋል።

መሐንዲሱ ይህ ሲተረጎምለት ዓይኑ በራ። በማግስቱ ብረት በያጆች ፊታቸውን ከእሳቱ የሚከልሉበትን ጥቁር መስታወት ከግምጃ ቤት አስወጥቶ ላከለት።

ዘይኑ መስታወቱን በመጀመሪያ የሞከረው በገዛ ግቢው ነው። ካሜራውን በረንዳው ላይ ተከለ፤ ነፋሱ እንዳይነቀንቀው ድንጋይ የሞላ ጆንያ ከእግሮቹ መካከል አንጠለጠለ። ክዳኑን ሲከፍት የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን መቅራት ጀመረ። ሰዓት እያየ ሳይሆን ፋቲሃን እየደጋገመ ነበር ጊዜውን የሚለካው። ሰሊሃ በዚያ መካከል ልብስ ስታሰጣ፣ ዶሮ ስታባርር፣ ውሃ ስትደፋ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ፎቶውን አጥባ ወደ ብርሃን ይዛው ስትወጣ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እኔ የታለሁ?"

"እየተንቀሳቀስሽ ነበራ።"

"ጠዋት ሙሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ስለፋ አልነበር? ገመዱ አለ፣ ባልዲው አለ፣ ግንዱ አለ። እኔ ብቻ ነኝ የሌለሁት?" ፎቶውን ጠጋ አድርጋ አየችው። ልብሱ እንኳ እንደ ጭስ ተኖ ቀርቷል። "ዘይኑ፣ ይሄ ነገር ደስ አላለኝም።"

እሱንም ደስ አላለውም። ግን የጣሊያን ትእዛዝ ነው፤ ሄደ።

የመጀመሪያው የድልድይ ፎቶ መሐንዲሱ ከጠበቀው በላይ አማረ። ያ ሁሉ ድንጋይ ተሸካሚ፣ ያ ሁሉ መዶሻ፣ አለንጋ ይዞ የሚጮኸው አለቃ ሳይቀር፣ ሁሉም የሉም። ውሃው እርጎ መስሎ ከቅስቱ ሥር ተኝቷል። ድልድዩ ማንም ሳይሠራው በራሱ ከመሬት የበቀለ ይመስላል። መሐንዲሱ የዘይኑን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሥራው ከፍ ባለ ቁጥር ያስጠራዋል። ዘይኑ ካሜራውን በአህያ ጭኖ ይወርዳል፤ ጆንያውን ያንጠለጥላል፤ ጥቁሩን መስታወት ይገጥማል፤ ክዳኑን ይከፍታል፤ ፋቲሃውን ይቀራል። እስረኞቹ በፊቱ ይመላለሳሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ፊታቸውን ያይ ነበር። እየቆየ ማየቱን ተወ። ዓይኑን ክዳኑ ላይ ተክሎ፣ አፉ እየቀራ፣ ጉልበቱ እየጠዘጠዘው፣ እስኪያልቅ ብቻ ይጠብቃል።

ወሬው ከተማው ውስጥ ገባ። "የዘይኑ ካሜራ ሰው ይበላል" ተባለ። ያንን መስታወት የተመለከተ ሰው ዓመት አይደርስም የሚሉም ተነሡ። ፎቶ ቤቱ አጠገብ የሚያልፉ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው መሸፈን ጀመሩ። ሰሊሃ ገበያ ወጥታ ስትመለስ፣ "ዛሬ ደግሞ አንዷ 'ባልሽ ስንት ሰው ጨረሰ?' አለችኝ" ብላ ነገረችው። ዘይኑ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

የዐቢይ ጾም ሲጋመስ አንድ ፎቶ እንደሌሎቹ ሳይሆን ቀረ። ሰሊሃ አጥባ ስታወጣው ድልድዩ እንደ ወትሮው ባዶ ነው፤ ግን በግራ በኩል፣ ከምሰሶው ሥር፣ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ቡትቶውን እስከ አገጩ ስቦ፣ አንድ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ራሱን ድንጋዩ ላይ አስደግፏል። ዘይኑ በማጉያ መነጽር አየው። ዓይኖቹ ገርበብ ብለዋል። ክዳኑ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ይህ ሰው አልተንቀሳቀሰም።

"ተኝቶ ነው?" አለች ሰሊሃ።

"እንጃ።"

"ሞቶ ነው?"

"አላየሁትም፣ ሰሊሃ። እዚያው ቆሜ አላየሁትም።"

መሐንዲሱ ፎቶውን ሲያይ ተቆጣ። ወልደተንሣኤ ዓይኑን ሳያነሣ፣ "ሰውየውን አጥፋው ይልሃል" አለ። ብርጭቆው ላይ ያለ ምስል በስለት ተፍቆ፣ በእርሳስ ተነካክቶ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ዘይኑ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ብርጭቆውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ፣ ገና ምላጩን ሳያነሣ፣ አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ቆመች። ረጅም፣ ከሲታ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በአቧራ የነጣ። ታንጉት ነው ስሟ። ከአንኮበር ነው የመጣችው። ባሏ ወልደ ሰንበት ገና በጥር፣ በመንደራቸው አቅራቢያ ተኩስ በተከፈተ ማግስት፣ ከአውድማ ላይ ተይዞ ተወስዷል። ከዚያ ወዲህ ከእስር ቤት ወደ ካምፕ፣ ከካምፕ ወደ ሹም ቤት ስትንከራተት ከርማለች። ያለበትን የነገራት የለም።

"ጌታዬ፣ እስረኞቹን ፎቶ የሚያነሣ ሰው እርስዎ ነዎት ብለውኝ ነው" አለች። "ከሥዕሉ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ብቻ ልይ።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ የማነሣው ፎቶ ላይ ሰው የለም።"

"ሰው የለም?"

"የለም። ድልድዩ ብቻ ነው።"

ሴትዮዋ አላለቀሰችም፤ አልተለማመጠችም። እንዲህ ያለ መልስ የለመደች ሰው ነበረች። ነጠላዋን አስተካክላ ልትሄድ ስትል ሰሊሃ ከጓዳ ወጣች።

"ሰው ያለበትን አንዱን አሳያት" አለች።

"ሰሊሃ!"

"አሳያት። ካልሆነም አይሆንም። ከሆነ ደግሞ ማወቅ መብቷ ነው።"

ዘይኑ ብርጭቆውን አወጣ። ብርጭቆው ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ለማያውቀው ሰው አይገባም፤ ስለዚህ ሰሊሃ በወረቀት ያተመችውን አቀበላት። ታንጉት ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

"እሱ ነው" አለች። "ብርድ ሲይዘው እጁን እንዲህ ነው የሚያደርገው።" ከዚያ ቀና ብላ ዘይኑን አየችው። "በሕይወት አለ?"

ዘይኑ ክዳኑን ሲዘጋ፣ ካሜራውን ሲጭን፣ አህያውን ሲነዳ ሁሉ ያ ሰው እዚያ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ቢል ያየው ነበር። "ነገ ሄጄ አያለሁ" አለ። ይህን ያለው ሌላ የሚለው ስላጣ ነው፤ ግን ካለ በኋላ ሊመልሰው አልቻለም።

ሰሊሃ ታንጉትን ጓዳ አስገብታ ቂጣና ሽሮ አቀረበችላት። ዘይኑ ምላጩን አንሥቶ ትእዛዙን ፈጸመ። ጎንበስ ብሎ ከራሱ ጀምሮ ወደ ታች ፋቀው። ከጓዳ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ይሰማዋል። ሲጨርስ ምሰሶው ሥር ድንጋይና ጥላ ብቻ ቀረ። ወረቀቱንም ምድጃ ውስጥ ከተተው፤ ማታ ማታ ቤት የሚፈትሹበት ዘመን ነበር።

በማግስቱ ድልድዩ ጋ ወርዶ ወልደተንሣኤን ለብቻው አግኝቶ ጠየቀው።

"አለ" አለ ወልደተንሣኤ። "ማለት፣ ትላንት ነበረ። አቅም ያነሳቸውን ወንዙ ዳር ያለችው ጎጆ ውስጥ ነው የሚያስቀምጧቸው። ይሠራሉ ተብሎ አይጠበቅም፤ ይበላሉም ተብሎ አይታሰብም።"

"ማውጣት አይቻልም?"

"እስረኛ ናቸው፣ ጋሽ ዘይኑ።"

ዘይኑ ካሜራውን አልተከለም። ቆሞ ድልድዩን፣ ጎጆዋን፣ መሐንዲሱን ሲያይ ቆየ። ጀግና አይደለም፤ በዕድሜው ሙሉ ከባለሥልጣን ፊት ቀና ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ነገር ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ያቺ ሴት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እንደሚያገኛት አሰበ፤ ከዚያ መንገድ ይልቅ ይኸኛው ቀለለው። ወደ መሐንዲሱ ሄደ።

"ንገርልኝ" አለው ወልደተንሣኤን። "የሚንቀሳቀስ ሰው ይጠፋልኛል። መንቀሳቀስ ያቃተው ግን አይጠፋልኝም። አንዱን ፍቄ አወጣሁት። ነገ ሦስት አራት ሆነው ቢቀመጡ የት አደርሳቸዋለሁ? ብርጭቆው በተፋቀ ቁጥር የድንጋዩም መልክ ይበላሻል።"

መሐንዲሱ አዳመጠና አጭር ነገር ተናገረ።

"ከጎጆው እንዳይወጡ አደርጋለሁ ይላል።"

"ጎጆዋም ፎቶው ውስጥ ናት። ፀሐይ ሊሞቁ ደጃፉ ላይ ይወጣሉ። ብርድ የመታው ሰው ፀሐይ ሲያይ አይወጣም እንዴ? ቤተሰብ ያላቸውን ቤተሰባቸው ይውሰዳቸው። ከዚህ ይነሡልኝ። ያለዚያ የጠራ ፎቶ አይወጣም በልልኝ።"

ወልደተንሣኤ መተርጎም ጀመረ። ዘይኑ ከተናገረው በጣም የረዘመ ነገር ተናገረ። መሐንዲሱ በመካከሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጎጆዋን አየ፤ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ በእጁ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አደረገና ሄደ።

"እሺ ብሏል" አለ ወልደተንሣኤ።

"ምን ጨመርክበት?"

"ተስቦ ገብቷል አልኩት። ነጭ ተስቦ ይፈራል።" ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ቃጥቶት ተወው። "ውሸት ነው ብዬም አልምልም።"

በሁለተኛው ቀን ጎጆዋ ተከፈተች። ከውስጥ የወጡት ሰዎች እግራቸው አልጸና ብሎ እየተደጋገፉ ነበር። ዘመድ ያለው ዘመዱ ወሰደው። ዘመድ የሌለውን የአካባቢው ሰው ቤቱ አስገባው። ከመካከላቸው መንገድ ላይ የቀረም አለ። ወልደ ሰንበትን ታንጉት በተውሶ አህያ ላይ ጭና፣ ከጎኑ እየደገፈች፣ የአንኮበርን መንገድ ያዘች። ስታልፍ ዘይኑን አየችው፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ባሏ ግን ማንንም አላየም። ዘይኑ በዚያን ዕለትም ካሜራውን ተክሎ፣ መስታወቱን ገጥሞ፣ ፎቶውን አነሣ። መሐንዲሱ እንደፈለገው ማንም አልወጣበትም።

ድልድዩ ከክረምቱ በፊት ተጠናቆ መሐንዲሱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። እሱን የተኩት ደግሞ ዘይኑን ለሌላ ሥራ ፈለጉት፤ መንገዱን በሙሉ፣ ካምፑን፣ አዲሱን የሹም ቤት በዚያው ዓይነት እንዲያነሣላቸው። መልእክተኛው በመጣ ማግስት ሰሊሃ ጥቁሩን መስታወት ስትወለውል ከእጇ አምልጦ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። አመለጠኝ ነው ያለችው። ከሰሊሃ እጅ ዕቃ ሲያመልጥ ዘይኑ አይቶ አያውቅም። ስብርባሪውን ለመልእክተኛው አሳየው። ተሰደበ፣ በጥፊም ተመታ፤ ፎቶ ቤቱንም አሽገውበት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ሰሊሃ ከጫጫ እህል እያመጣች ስትቸረችር፣ እሱም እያገዛት ኖሩ።

ወልደ ሰንበት እንደተፈታ ወዲያው አልሞተም። ዓመት ከመንፈቅ ቤቱ ተቀምጦ፣ ሳሉ ባይለቀውም ደጁ ላይ እየወጣ፣ እርሻውን በዓይኑ እያየ ቆየ። የሞተው ከዚያ በኋላ በመጣው ኅዳር ነው። ዘይኑ ይህን የሰማው ከአንኮበር ከመጣ ገበያተኛ ነበር።

"ለቅሶ ልድረስ" አላት ሰሊሃን።

"በዚያ ጉልበትህ?"

"በዚሁ ጉልበቴ።"

እያረፈ፣ ጭጋጉ ሲወርድበት እየቆመ ሄደ። መንገድ ላይ አድሮ በማግስቱ አንኮበር ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ለቀስተኛው ዳሱ ሥር ተቀምጧል። የሟቹ ጋቢና በርኖስ በገመድ ላይ ተሰቅሏል። ታንጉት ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች። ንፍሮ በሳህን አቀረበችለት። ትንሽ ከቆየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያቺን ሥዕል ይዘውልኝ መጥተው ይሆን? መልኩ ሌላ ቦታ የለም" አለችው።

ዘይኑ ንፍሮውን አስቀመጠ።

"የለችም፣ የኔ ልጅ። ፋቅሁት። አንቺ ጓዳ ሆነሽ ስትበዪ እኔ እፍቀው ነበር። ታዝዤ ነው።"

ከዳሱ ማዶ አንዲት አልቃሽ የሟቹን ስም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች።

"ይተዉት" አለች ታንጉት። "ሰውየው በቤቱ ነው የሞተው። እጁን ይዤው ነበር።" ሳህኑን አንሥታ እንደገና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "ይብሉ። ከሩቅ ነው የመጡት።"

በላ። ለቀስተኛው እየገባ እየወጣ፣ የፀሐዩ ሙቀት ከዳሱ ቅጠል መካከል እየወረደበት፣ ዘይኑ ቁጭ እንዳለ ራሱን ምሰሶው ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ከለቀስተኞቹ አንዱ ሊቀሰቅሰው ሲል ታንጉት በእጇ ከለከለችና የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችለት።